የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈላ ውሃ

ኡላሊያ ካንቱ ከፒካፑ ስትወርድ መጀመሪያ መሬት የሚነካው ግራ እግሯ ነው። ቀኝ ጉልበቷ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሁለቱንም ጊዜ እንደነበረ ቀርቷል። ከወረደች በኋላ በሩን ተደግፋ ትንሽ ትቆማለች። የማያውቃት ሰው ሰማዩን አይታ የዝናቡን ነገር የምትገምት ይመስለዋል። ጉልበቷ እሺ እስኪላት ነው የምትጠብቀው።

እሷ እንደዚያ ስትቆም እኔ የጋዙን ሲሊንደር፣ ምድጃውንና አራቱን ድስት አወርዳለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ይህ አልተለወጠም። ስሜ ቾን ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻ ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ በስም አንጠራራም፣ አበልጅ ነው የምንባባለው።

ሥራችን ውሃ ማፍላት ነው። ከሳን አንቶኒዮ ከተማ በላይ ባሉት ደረቅ ኮረብቶች በየዋሻው አፍ ዙሪያ የእሳት ጉንዳን የሚባለውን ተናዳፊ ጉንዳን ኩይሳ እየፈለግን የፈላ ውሃ እንደፋበታለን። በመጋቢት አንድ ጊዜ፣ በጥቅምት አንድ ጊዜ። መርዝ መርጨት በቀለለን ነበር፤ ግን መርዙ ከዝናቡ ጋር በድንጋዩ ስንጥቅ ወደ ታች ይወርዳል፣ ታች ደግሞ የምንጠብቃቸው አሉ። ስለዚህ ውሃ ነው። አንድ ኩይሳ አራት ጋሎን ይጠጣል፣ በአንድ ዋሻ ዙሪያ ደግሞ አንዳንዴ አርባ ኩይሳ ይኖራል። ማታ ቤት ስንገባ እጃችን ማንኪያ ማንሳት ያቅተዋል።

የምንጠብቃቸው ዓይን የሌላቸው ሸረሪቶች ናቸው። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ዋሻ ውስጥ ሣር አይበቅልም፣ እዚያ የሚበላው ሁሉ ከላይ የመጣ ነው። ጎርፍ ያስገባው ቅጠል አለ፣ ራኩን የሚባለው አውሬ ጥሎት የሚሄደው እዳሪ አለ፣ ከሁሉም በላይ ግን ፌንጣው ነው። የዋሻ ፌንጣ ቀን ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ሲመሽ ወጥቶ ያገኘውን በልቶ፣ ሊነጋ ሲል ተመልሶ ሆዱን ታች ያራግፋል። በኩሱ ላይ ሻጋታ ይበቅላል፤ ሻጋታውን ከሰናፍጭ ፍሬ የሚያንሱ ነጫጭ ዘላይ ነፍሳት ይበሉታል፤ እነሱን ደግሞ ሸረሪቷ ትበላለች። የእሳት ጉንዳን ሲመጣ ፌንጣውን ደጅ ላይ ይጨርሰዋል፣ ከዚያም ተከትሎ ይገባል። ሸረሪቷን ባይነካት እንኳ ገበታዋን ያነሳባታል።

ኡላሊያ የተወለደችው ኦቶ ክሩገር በሚባል ጀርመን ገበሬ ርስት ላይ፣ ከፍየሎቹ በረት ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው። አባቷ የክሩገርን ፍየሎች ፀጉር ይሸልት ነበር። እሷ አድጋ ወደ ከተማው ጠርዝ ወረደች፣ አገባች፣ አራት ወለደች፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ ለልጆች ቦሎቄ ስትጨልፍ ኖረች። አዳራሹ ሲዘጋ አርባ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያኔ አንድ የሸረሪት አዋቂ የሆነ ዶክተር ከዋሻዎች ቆሻሻ የሚያወጣ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰማች። ዶክተሩ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ በመኪና ጎማ ቀዳዳ ማለፍ ትችያለሽ ወይ? ቀጭን ስለነበረች ተቀጠረች።

እዚህ ገበሬ ሁሉ ጉድጓድ ካገኘ ቆሻሻ ይጥልበታል። የመጀመሪያ ሥራዋ የክሩገር ጉድጓድ ሆነ። በሆዷ እየተሳበች ከገባችበት የአጥር ሽቦ፣ የተሰበረ ማቀዝቀዣና የፍየል አጥንት በባልዲ ስታወጣ አንድ በጋ ፈጀ። ከቆሻሻው ሁሉ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ብታነሳ እንደ ጢስ የሳሳ ትንሽ ድር አየች፣ ድሩ ላይ ደግሞ ያልተቀቀለ ሩዝ የመሰለች ሸረሪት። እግሮቿ ከሰውነቷ ጋር ሲተያዩ ይረዝማሉ። ዓይን የሚኖርበት ቦታ ልሙጥ ነው።

"መብራቱን ባበራባት አላወቀችም" ብላ ነግራኛለች። "ስተነፍስ ግን ደነገጠች። ትንፋሼ ሞቃት ነዋ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እዚያ ስገባ ወደ ጎን ነው የምተነፍሰው።"

ቆሻሻው ካለቀ በኋላም ዶክተሩ አልለቀቃትም። ነገር የሚያስተውል ዓይኗን ወደደው። በዓመት ሦስት ጊዜ እየገባች ያየችውን ትቆጥር ጀመር፣ ውሃ ማፍላቱም ተጨመረ። ያ ዶክተር ጡረታ ወጥቶ ሬናታ ሆልሸር የምትባል ወጣት ዶክተር ተተካች፤ ኡላሊያ ግን እዚያው ናት። ከላይ ያለው አገር ደርቆ፣ ጥዱ ሳይቀር ቀይ ሆኖ፣ ከብት ውሃ ሲገዛለት፣ ታች ያለው አየር ሁልጊዜ እንደ ረጠበ ጨርቅ ነው። ሸረሪቶቹ ከዚያ ርጥበት ውጭ አይኖሩም። ቆዳቸው ስስ ነው፤ ፀሐይ ላይ ብታወጣቸው አንድ ሲጋራ አጭሰህ ሳትጨርስ ይደርቃሉ። ድርቁ ሲበረታ እነሱም ሰው ወደማይገባበት፣ እንደ ፀጉር ወደ ቀጠነ ስንጥቅ ይሸሻሉ። ኡላሊያ በሆዷ ሦስት ሰዓት ተኝታ ጠብቃ ምንም ሳታይ የወጣችበት ጊዜ ካየችበት ይበልጣል።

የክሩገር ጉድጓድ ችግሩ ሌላ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚያ የታየችው ሸረሪት ሁሉ ልጅ ነበረች። እነዚህ ሸረሪቶች በመልክ አንድ ናቸው፤ ይቺ የዚህ ዘር ናት፣ ያቺ የዚያ ብሎ ለመለየት ያደገች ሴት ሸረሪት ያስፈልጋል፣ ሆዷ ሥር ያለውን ምልክት በማጉያ ማየት ግድ ነው። ልጅ ከሆነች አዋቂውም ቢሆን እጅ ይሰጣል። ሕጉ ደግሞ የሚጠብቀው ዘሯ ታውቆ ስም ያላትን ነው። ዶክተር ሬናታ በፈቃድ ሁለት ልጆች አውጥታ፣ ሰዎች ወይን በሚያስቀምጡበት ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረጠበ ጄሶ ላይ ልታሳድጋቸው ሞከረች። የምትመግባቸው ኡላሊያ ነበረች፤ ነጫጭ ዘላዮቹን በእርጥብ ብሩሽ ጫፍ እያነሳች። አንዷ በሦስት ወር ሞተች። ሁለተኛዋ አሥራ አራት ወር ቆይታ፣ የመጨረሻ ቆዳዋን እየገፈፈች ግማሽ መንገድ ላይ ሞተች። ኡላሊያ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም።

ሽማግሌው ኦቶ በሕይወት እያለ ይህ ሁሉ አያሳስብም ነበር። "ፍየል ካላስደነበራችሁ ግቡ" ነበር የሚለው። አምና ሞተ። ወራሾቹ ርስቱን ለቤት ሠሪዎች ሸጡት። ቤት ሠሪዎቹ ሕጉ እንደሚያዘው ዶክተሯን ጠየቁ፤ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ስም ያላት ሸረሪት አለች ወይስ የለችም? ካለች ጉድጓዱ ከነዙሪያው ይተዋል። ከሌለች በኮንክሪት ይሞላል፣ በላዩ መንገድ ያልፍበታል። መልሱ ዓርብ መድረስ ነበረበት።

እኛ ማክሰኞ ሄድን። የጥቅምት ጧት ነው፣ ቀዝቀዝ ብሏል። ኡላሊያ ሌሊቱን ባሏ ሲያስል አድሮ እንቅልፍ አልነበራትም። ገና ሁለተኛውን ድስት ሳንጥድ የቤት ሠሪዎቹ ኃላፊ ዴል በነጭ መኪናው መጣ። አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም። ኡላሊያን እንደ ዶክተሯ አሳጥሮ ሚስ ላላ ይላታል።

"እንደምን አደሩ ሚስ ላላ! የሸረሪቶቹ ሻይ ፈላ?"

"ፈልቷል። ላንተ ግን ስኳር አልቋል።"

"እኔ እኮ በእውነት ሸረሪት አልጠላም። ቤቴም ሞልተዋል። ኪራይ አይከፍሉም እንጂ።"

"እነዚህ ካንተ በፊት የገቡ ናቸው። ኪራይ ከፋዩ አንተ ነህ።"

ዴል ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዶክተሯ ዓርብ ስም ካላወጣችላት ሰኞ የኮንክሪት መኪናው ይመጣል። እኔ አይደለሁም፣ ቀጠሮ ነው። በከንቱ ባትለፉ ብዬ ነው።"

"የኛ ቀጠሮ ደግሞ ዛሬ ነው" አለችው።

እሱ ወደ ቀያሾቹ ሄደ፣ እኛ ቀጠልን። ኡላሊያ አንድ ሕግ አላት፣ ራሷ ያወጣችው። ኩይሳው ከዋሻው አፍ በሠላሳ እርምጃ ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ ታፈስበትና እስከ አሥር ትቆጥራለች። ውሃው ላይ ላዩን ካቆረ ከሥሩ አፈር ነው፣ የፈላውን ድፋ። መሬቱ ቶሎ ከጠጣው ከሥሩ ስንጥቅ አለ፣ አትንካው፤ ኩይሳውን በአካፋ በባልዲ አውጥተህ ሌላ ቦታ አፍላው። አዲስ በተቀጠርኩ ጊዜ አንድ ቀን ይህን ረስቼ ድስት ሳነሳ እጄን በማማሰያ መታኛለች።

ስምንት ኩይሳ ጨረስን። ዘጠነኛው ከጉድጓዱ አፍ አሥራ ሁለት እርምጃ ያህል፣ ከአንድ የኦክ ዛፍ ሥር ነበር። እኔ ድስቱን አመጣሁ። እሷ ጎንበስ ብላ ኩይሳውን አየችው፣ ከዚያ ጣሳውን ፈልጋ ዞር አለች። ጣሳው ፒካፑ ላይ ነው የቀረው። ፒካፑ ደግሞ ዳገቱ ላይ ነው።

"ላምጣው?" አልኳት።

"ተወው። ይሄን አውቀዋለሁ፣ አምናም እዚሁ ነበር።"

"አንቺ ነሽ የምታውቂው።"

ድስቱን ከእጄ ተቀብላ ደፋችው።

የፈላ ውሃ ኩይሳ ላይ ሲፈስ የታወቀ ነገር ይሆናል። አፈሩ ይነፋል፣ ጉንዳኑ ከነእንቁላሉ እንደ አጃ ሾርባ ይገነፍላል፣ ሽታው አፍንጫ ይይዛል። አሁን አልገነፈለም። ውሃው እንደተጠማ በሬ ጉሮሮ ድምፅ እያሰማ ገባ። አራቱም ጋሎን፣ አሥር እስክትቆጥር ድረስ እንኳ አልቆየም። ሁለታችንም ኩይሳው የነበረበትን ቀዳዳ ስናይ ቆምን። ከዚያ እኔ ቀና ብዬ ወደ ጉድጓዱ አፍ አየሁ። ከአፉ ቀጭን እንፋሎት ይወጣ ነበር።

"አበልጅ" አልኳት።

"አየሁት።"

ድስቱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። ተቀመጠች፣ የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ እንደገና አሰረች።

"የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ደግሞ ጥቂት ነው፣ ድንጋዩ ያቀዘቅዘዋል…" አልኳት።

"ተረቱን ተወኝና ቆቤን ስጠኝ።"

የፕላስቲክ ቆቧን ከነባትሪው ሰጠኋት። ጉልበቷን በጨርቅ ጠቅልላ በእግሯ በኩል ገባች። ቀጭንነቷ የድሮ ነው፤ አሁን ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ትንሽ ትያዛለች፣ ትንፋሿን አውጥታ ታልፋለች። እኔ ገመዱን ይዤ አፉ ላይ በሆዴ ተኛሁ። የእኔ ሥራ እስከዚያ ነው፤ ገብቼ አላውቅም።

ገመዱ በእጄ እየተሳበ ሄደ። ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ፣ "ፌንጣ፣ ሰባት። የሞቱ" አለች። እንደ ልማዷ ቁጥር ነው የምትጠራው፣ እኔም እንደ ልማዴ ቅጹ ላይ ጻፍኩ። "ዘጠኝ" አለች ቆይታ። "አሥር።" ከዚያ ስጠራት አልመለሰችም። እንደገና ስጠራት "አትጩህ፣ አለሁ" አለች፤ ድምፅዋ ግን ተለውጧል።

ስትወጣ በአንድ እጇ ብቻ ነበር የምትሳበው። ሌላው እጇ ተጨብጧል። ጭቃ በጭቃ ሆና ከኦክ ዛፉ ሥር ተቀመጠችና እጇን ከፈተችልኝ። በአልኮል የተሞላች፣ ለናሙና ኪሷ የምትይዛት ትንሽ ብልቃጥ ናት። ውስጧ ሸረሪት አለች፣ እግሮቿ ተዘርግተው ግትር ብለዋል።

"ውሃው በወረደበት ግድግዳ ሥር ነው ያገኘኋት። ድሯ ላይ እንዳለች ናት" አለችኝ። "ገልብጠህ እያት።"

ብልቃጧን ወደ ብርሃን አነሳሁ። እኔ ዓይኔ ደካማ ነው፤ ያም ሆኖ ከሆዷ ሥር፣ ከፊት በኩል፣ በእርሳስ ጫፍ የተነካች የምትመስል ቡናማ ነጥብ አየሁ።

"ያደገች ናት?"

"ያደገች ሴት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈልጌያት ቀቅዬ አገኘኋት።"

ነገሩ ሲገባኝ ጊዜ ወሰደ። ጉድጓዱን ከኮንክሪት የምታድነው ይቺ ናት፣ ሌላ የለም። ግን ይዘናት ስንቀርብ እንዴት እንደሞተች እንጠየቃለን። ሕጉ የሚጠብቃትን ሸረሪት ያለ ፈቃድ መግደል ደግሞ ሥራ የሚያሳጣ ብቻ አይደለም። ቢያንስ ቢያንስ ዋሻ የመግባት ፈቃዷ ይነጠቃል። ያ ፈቃድ ደግሞ ከቦሎቄ ጭልፋ በኋላ ያላት ነገር ሁሉ ነው።

"ሞታ አገኘናት እንበላ" አልኳት።

"ሞታ ነው ያገኘኋት።"

"ታዲያ ምን ቀረ?"

"ማን እንደገደላት አውቃለሁ፣ ያ ቀረ።"

"እኔና አንቺ ብቻ ነን ያየነው። እኔ አፌን ከዘጋሁ ዘጋሁ ነው።"

"እሱን አውቃለሁ አበልጅ።" ግንባሯን ጠረገች፣ ጭቃው ይባስ ተለቀለቀ። "ደክሞኛል። እንደዛሬ ደክሞኝ አያውቅም። እስቲ ዝም በለኝ።"

ጥቂት ቆይቶ ዴል ከቀያሾቹ ሲመለስ አየን። እጇን መልሳ ጨበጠች።

"ሚስ ላላ፣ ወደቁ እንዴ? ምነው እንዲህ ሆኑ?"

"ወጣሁ እንጂ አልወደቅኩም።"

"ምን ይዘዋል?"

እጇን አየችው። ያን ጊዜ ምን እንዳሰበች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ብልቃጧን ብትጥላት፣ ብትረግጣት፣ ሰኞ መኪናው ይመጣል፣ ጉድጓዱ ይደፈናል፣ የሚጠይቅ አይኖርም፤ እሷም ወደ ሌላው ዋሻ ትሄዳለች። ሌላም ዋሻ አለ። ደከመኝ ያለ ሰው ይህን ቢያደርግ እኔ አልፈርድበትም ነበር።

"ለዶክተሯ የሚሆን ነገር ነው" አለችው። "አንተ ጋ ዓርብ ይደርሳል።"

ዴል እኔን አየኝ፣ እኔ ድስቱን አየሁ። "እሺ እንግዲህ" ብሎ ሄደ።

የዶክተር ሬናታ ቢሮ አርባ ደቂቃ ይርቃል። እንደዚያው ጭቃችንን ይዘን ገባን። ዶክተሯ ብልቃጧን ከማጉያው ሥር አድርጋ ስታይ ኡላሊያ ወንበር እንኳ አልተቀመጠችም፤ ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ነው። ዶክተሯ ቀና ስትል ፊቷ በርቷል።

"ሚስ ላላ! ያደገች ናት! የት አገኟት?"

"አፍልቼ ገደልኳት" አለች ኡላሊያ። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። ጣሳው ፒካፑ ላይ መቅረቱን፣ ሄዳ አለማምጣቷን፣ አሥሩን ፌንጣ ሳይቀር። የእኔን "ላምጣው?" ማለት ግን አልነገረቻትም፤ እኔ ነኝ ጨምሬ የተናገርኩት። ለምን እንደተናገርኩ አላውቅም፤ ምናልባት ጥፋቱ የእሷ ብቻ እንዳይሆን። ስናገረው ግን ይበልጥ የእሷ ሆነ። በዓይኗ ገላመጠችኝ።

ዶክተሯ በሩን ዘጋች።

"ይህን እንደነገሩኝ ከጻፍኩት ፈቃድዎን ይወስዱታል። እኔም ብዙ ወረቀት እጽፋለሁ፣ እሱ ግድ የለም። 'በግድግዳ ሥር ሞታ ተገኘች' ብዬ ብጽፍ ግን… ውሸት አይደለም።"

"ውሸት አይደለም" አለች ኡላሊያ።

"እና?"

"እና ስንጥቁስ? ከኦክ ዛፉ ሥር ያለው ስንጥቅ ቀጥ ብሎ እነሱ ላይ ነው የሚወርደው። ይህ ካልተጻፈ እኔ ስሞት፣ ይሄም ጉልበቱ ሲያልቅ፣" በአገጯ እኔን አመለከተች፣ "የሚመጣው ልጅ ድስቱን ይዞ እዚያው ይደፋዋል። እኔ የማውቀው ኩይሳ ነው ብዬ ነው የደፋሁት። እሱ ደግሞ ጭራሽ አያውቅም።"

"ስንጥቁን ለብቻው መጻፍ እንችላለን።"

"'እንዴት አወቃችሁ' ሲሉሽ ምን ልትያቸው ነው ልጄ?"

ዶክተሯ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች።

"ጻፊው" አለች ኡላሊያ። "ቶሎ ጻፊውና ሄጄ ልታጠብ።"

ዶክተሯ ጻፈችው። የሸረሪቷን የሆድ ምልክት ፎቶ አንስታ በሌላ ግዛት ላሉ ሽማግሌ አዋቂ ላከች። ዓርብ ጧት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መልሱ መጣ። አዎ፣ እሷ ናት፤ ስም ያላት ናት፣ ሕጉ የሚያውቃት።

ሰኞ የኮንክሪት መኪናው አልመጣም። ዴል ደወለልን። ተናዶ አልነበረም። "እንኳን ደስ አላችሁ። ስድስት ቤት ወደ ምሥራቅ አዛወራችሁብኝ" አለ። ከዚያ ለኡላሊያ እንዲህ አላት፣ ድምፁ ለእኔም ይሰማኝ ነበር፦ "ሻዩን ማን እንደሚያፈላላቸው አላውቅም ግን። ፈቃድዎን ይወስዳሉ ሲባል የሰማሁት እውነት ነው?"

እውነት ነበር። ደብዳቤው በኅዳር መጨረሻ ደረሳት። ክስ የለም፤ ራሷ ስለተናገረች ቀለል አድርገውላታል። ዋሻ የመግባት ፈቃዷ ለአምስት ዓመት ታግዷል። ኩሽናዋ ውስጥ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቶርቲያው፣ የበቆሎ ቂጣዋ፣ ምድጃው ላይ እያረረ ነበር፣ እኔ አነሳሁት።

"አምስት ዓመት" አለች። "ስልሳ ስድስት ይሆነኛል። ያኔ ፈቃዱን ቢመልሱልኝ ጉልበቴ ይነጥቀኛል።"

"ውሃ ማፍላቱን ግን አልከለከሉሽም።"

"አዎ፣ ጥሩውን ትተውልኛል" ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ባሏ ኒየቬስ ከሌላው ክፍል፣ "ምን ይላል?" ብሎ ጮኸ።

"ተኛ ይላል" አለችው።

ዶክተሯ ሌላ ቆጣሪ ፈለገች። ወጣቶች መጥተው አይተው ሄዱ፤ አንዱ ትከሻው አልገባም፣ አንዷ አፉ ላይ ፈርታ ተመለሰች። በመጨረሻ ዶክተሯ እኔን አየችኝ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ሕይወቴን ሁሉ ከጉድጓድ አፍ ላይ ነው ያሳለፍኩት። አይሆንም ልል ነበር። ኡላሊያ ግን ቀድማኝ፣ "ይገባል። ሆዱን ከቀነሰ ይገባል" አለች። ሁለት ወር ሙሉ ምሳዬን እየነጠቀች ግማሹን ትሰጠኝ ነበር። ፈቃዱ በየካቲት ወጣልኝ።

በመጋቢት የክሩገር ጉድጓድ ዙሪያ አዲስ አጥር ታጥሮ ነበር። ከአጥሩ ማዶ የቤቶቹ እንጨት ቆሟል፣ መዶሻ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ኡላሊያ አፉ ላይ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጣ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀመጠች። እኔ በእግሬ በኩል ገባሁ። ትከሻዬ ላይ ተያዝኩ።

"አውጣው ትንፋሽህን" አለች ከላይ። "ሁሉንም። ድንጋዩ አይበላህም።"

አለፍኩ። ታች ጨለማው ወፍራም ነው፣ አየሩም ደረት ላይ ይቀመጣል። መዶሻው አይሰማም። የእሷ ድምፅ ግን ይሰማል።

"ፌንጣ?"

"አሥራ አራት። አይ፣ አሥራ ስድስት።"

"ወደ ጎን ተንፍስ።"

ወደ ጎን ተነፈስኩ። ድንጋይ እያነሳሁ፣ እያየሁ፣ እየመለስኩ አንድ ሰዓት ሄድኩ። ክርኔ ተላጠ። ከሦስተኛው ድንጋይ ሥር አንዲት ትንሽ፣ ገና ልጅ የሆነች አገኘሁ። ያየኋትን ሁሉ ነገርኳት፣ እሷም ጻፈች። ቀጥሎ ምን ልትጠይቀኝ እንደሆነ ገባኝ።

"ያኛው ግድግዳ ጋ ደርሰሃል?"

"ደርሻለሁ።"

"እርጥብ ነው?"

መብራቴን አስጠጋሁ። ግድግዳው እንደ ሌላው ሁሉ ያልበዋል። ከሥሩ ባዶ ድር አለ፣ ግማሹ የተቀደደ፣ የቆየ። ጎኔን እስኪያመኝ ድረስ እዚያ ጠበቅኩ። አንዲት ብትኖር ምን ነበረበት እያልኩ ነው። አለች ብዬ ብጠራላትም ማንም አያጣራም። እሷ ከላይ ብዕሯን ይዛ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ።

"ግድግዳው እርጥብ ነው" አልኳት። "ሸረሪት የለም።"



"ጻፍኩት" አለች። "ወደሚቀጥለው እለፍ።"